ወንድሜ የከፈተው ወለል

ጀልባዋ ድሬዳዋ የገባችው በከባድ መኪና ተጭና ነው። ከጅቡቲ ተነስታ ወደ አንድ ሩቅ ሐይቅ እየሄደች ነበር። የገዛት ሰው ሐይቁ ዳር የእንግዳ ማረፊያ አለው። መንገድ ላይ ጫኞቹ ወለሏ ላይ ዕቃ ከምረውባት ተሰነጠቀች። ሲያዩዋት ደግሞ ከስንጥቁ ሥር ያለው ቀድሞውኑ በስብሶ ነበር። ሰውየው ድሬዳዋ ላይ ፋይበር የሚጠግን ሲያፈላልግ ሁሉም ያመለከቱት አንድ ሰው ነው። ወንድሜን።

ወንድሜ መልካ ጀብዱ መንገድ ዳር በቆርቆሮ የታጠረ ጋራዥ ነበረው። የባጃጅ ፊት፣ የመኪና መከላከያ፣ የውኃ ታንከር ይጠግናል። ጀልባ የተማረው ግን ጅቡቲ ነው። ሦስት ዓመት የዓሣ አጥማጆች ጀልባ ሲጠግን ቆይቶ ነው የተመለሰው። ስለዚህ ያቺ ነጭ ጀልባ ከመኪና ወርዳ በእንጨት ርብራብ ላይ ስትቀመጥ እንደ ልጅ ሮጦ ዞራት። ባጃጅ ነጂዎች ፍጥነት እየቀነሱ ያሾፉበት ጀመር።

«አቦ፣ በደቻቱ አሸዋ ላይ ልትቀዝፋት ነው?»

«አንተ ያንን ባጃጅ ብለህ ከነዳኸው እኔ ይህቺን ብቀዝፍ ምን ይገርማል!»

ደቻቱ ከተማችንን ለሁለት የሚከፍል ወንዝ ነው። ወንዝ እንላለን እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው።

ይህን ስጽፍ እጄ ቶሎ አይሄድልኝም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ። ከዚያ በኋላ ከፋብሪካ ቅጽ ሌላ ብዙ አልጻፍኩም። ስለ ወንድሜ ሳወራ ሰው ሁሉ ሐዘኔን ብቻ ነው የሚጠብቀው። ከሐዘኑ ጋር ግን ሌላ ነገር ነበረብኝ። ቅናት ነበረብኝ። ያቺ ጀልባ እስክትሄድ ድረስ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከሐዘኑ ይልቅ ያቃጠለኝ እሱ ነው።

የቀናሁት በወንድሜ ባልንጀራ ነው።

ከጅቡቲ የመጡት አብረው ነው። እዚያ አንድ ክፍል ይተኙ ነበር፣ አንድ ጀልባ ላይ ይሠሩ ነበር። ባልንጀራው የመጋላ ሰፈር ልጅ ነው። ከሶማልኛ ወደ ኦሮምኛ፣ ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ ሲሻገር ትንፋሽ እንኳ አይወስድም። ወንድሜን «ዋላል» ይለዋል፤ በሶማልኛ ወንድም ማለት ነው። ወንድሜም መልሶ «ዋላል» ይለዋል። እኔን ግን በስሜ ነበር የሚጠራኝ።

ጋራዡ ግድግዳ ላይ የሁለቱ ፎቶ ተለጥፎ ነበር። አንዲት ጀልባ ላይ ቆመዋል፣ ከኋላቸው ባሕር ነው፣ ሁለቱም እየሳቁ ነው። ማን ምን ብሎ እንዳሳቃቸው ጠይቄ አላውቅም። እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም።

ወንድሜ ሥራውን ሊያስተምረኝ አንድ ጊዜ ሞክሮ ነበር። ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አልፈልግም። አሥረኛ ክፍል እያለሁ፣ ትምህርት ሲዘጋ፣ ጋራዥ ወሰደኝ። ፋይበር ማለት ከብርጭቆ ክር የተሠራ ጨርቅ ነው። ሬዚን የሚባል ወፍራም ፈሳሽ ያጠጡታል፤ ማድረቂያ የተቀላቀለበት ሬዚን እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። የደረቀውን ሲፍቁት ብናኙ ቆዳ ውስጥ ይገባል። እኔን እንደ ሳማ ለበለበኝ። እናቴ ክንዴን በቀዝቃዛ ውኃ ስታጥብልኝ «ሁለተኛ አልሄድም» አልኩ። ወንድሜ ሳቀብኝ።

«ያንተ ቆዳ የቢሮ ቆዳ ነው» አለኝ።

ከዚያ በኋላ አልጠየቀኝም። እኔም ኢንዱስትሪ ፓርክ ገባሁ፣ ልብስ ማሸግ። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ግን ቅናት እንዲህ ያለውን ነገር አያስታውስም።

ወንድሜ የሞተው የጀልባዋን ወለል ከፍቶ ከግማሽ በላዩን ሞልቶ ነው። አንድ ጠዋት ከአልጋው አልተነሳም። ልቡ ነው አሉን። ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላውም ነበር። ምንም ምልክት አላየንም፣ እናቴም እኔም። እንዲያ ነበር የመሰለን።

በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ባልንጀራው ከጎኔ ተቀመጠ። ሦስቱንም ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ተቀመጠ። ፊቱ አብጦ፣ ድምፁ ተዘግቶ። የጋራዥ ሰዎች፣ የከባድ መኪና ሾፌሮች፣ ከቀፊራ ገበያ የመጡ ነጋዴዎች ሲገቡ መጀመሪያ እሱን ነበር የሚያቅፉት። «ወንድምህን አጣህ» ይሉታል። እሱም አንገታቸው ላይ ተደፍቶ ያለቅሳል። ቀጥለው ለእኔ እጃቸውን ይሰጡኛል። አንዲት ሴት እጄን እንደያዘች፣

«አንተስ ጎረቤት ነህ?» አለችኝ።

እሱ ነው ቀድሞ የመለሰላት። «ታናሹ ነው፣ ታናሹ።» ለእኔ አስቦ ነው የተናገረው። እኔ ግን ከወንድሜ ጋር የሚያስተዋውቀኝ ሰው ያስፈለገኝ መሰለኝ። የዚያን ቀን ጠላሁት።

ሠልስቱ ካለፈ በኋላ የጀልባዋ ባለቤት ስልክ ደወለ። ጥሩ ሰው ነው፣ አዘነልን። ከዚያ ግን፣ አርባው ካለፈ በኋላ ከሁለት ሳምንት በላይ ሊጠብቅ እንደማይችል፣ ካላለቀች እንዳለች ጭኖ ሌላ ቦታ እንደሚያስጨርሳት ነገረን። ስልኩን የያዘው ባልንጀራው ነበር። «እኛ እንጨርሳለን» አለው።

«እኛ ማን ነው?» አልኩት ስልኩን ሲዘጋ።

ስልኩን ኪሱ ከተተ።

እናቴ ከጓዳ ሆና ሰምታ ነበር። «የልጄ እጅ ያረፈባት ነገር ተሰንጥቃ ከዚህ አትሄድም» አለች። ለማን እንደተናገረች አላውቅም። እኔ ለራሴ ወሰድኩት። የወንድሜን የመጨረሻ ሥራ የሚጨርሰው የወንድሜ ወንድም ነው። እንዲህ ወሰንኩ። ሥራውን ግን አላውቀውም።

የጀልባ ወለል አንድ ወጥ ነገር አይደለም። ከላይ ቀጭን የፋይበር ቆዳ አለው፣ ከታችም ሌላ ቆዳ፣ በመካከላቸው ቀለል ያለ ነገር። ወንድሜ መካከሉን «ሆድ» ይለው ነበር። ሆዱ ከሁለቱ ቆዳዎች ጋር ከተጣበቀ ወለሉ ሳይከብድ ይጠነክራል። የዚች ጀልባ ሆድ ስፖንጅ የሚያህል ቀላል እንጨት ነበር። በብሎን ቀዳዳ ውኃ ገብቶበት ጠቁሮ ነበር። ወንድሜ የላይኛውን ቆዳ በግራይንደር ቆርጦ አነሳ፣ የበሰበሰውን በመሮ አወጣ፣ በቦታው ቢጫ ፎም ተከለ። ፎሙን ያገኘው ከአንድ አሮጌ የማቀዝቀዣ መኪና ግድግዳ ነው።

የበሰበሰው ቦታ ከላይ አይታይም። የሚገኘው በድምፅ ነው። ወንድሜ ለዚህ አንድ የጅቡቲ ሳንቲም ነበረችው፣ ጀልባ የተቀረጸባት። በጠርዟ ወለሉን እየመታ ይሄዳል። ደህናው ቦታ «ቋ» ይላል፣ ጥርት ያለ። የሞተው «ዱፍ» ይላል። ዱፍ ያለበትን በጠመኔ ይከብበዋል። እሱ ከሞተ በኋላም የጠመኔው ክቦች ወለሉ ላይ ነበሩ። ሳንቲሟ ግን ባልንጀራው ኪስ ውስጥ ነበረች።

አንድ ዓርብ ፈረቃዬን ቀይሬ ወደ ጋራዡ ሄድኩ። ባልንጀራው በዚያ ሰዓት መስጊድ እንደሚሆን አውቃለሁ። ቁልፍ ከእናቴ ወሰድኩ። ያልተሞላ የቀረው አንድ ጉድጓድ ነበር፣ የሁለት ትሪ ስፋት ያህል። ቢጫው ፎም አልቆ ነበር። እኔ ግን ነጭ ፎም ይዤ ነበር፣ ከፋብሪካችን የማሽን ማሸጊያ የተጣለ። ንጹሕ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ከቢጫው ያምራል። በልኩ ቆረጥኩት። ልክክ ብሎ ገባ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ይኸው፣ ምንም የሚከብድ ነገር የለውም፣ ስንት ዓመት እንደ ምስጢር የያዙት ይህን ነው አልኩ።

ሬዚኑን ባልዲ ውስጥ ቀዳሁ። ማድረቂያውን ጣሳው ላይ በተጻፈው ልክ ጨመርኩ። ሰዓቱ ስድስት ተኩል ነበር። የቆርቆሮው ጣሪያ ይጮኻል። ጣሳው ላይ ያለውን የጻፈው ሰው የድሬን ቀትር አያውቀውም። ወንድሜ ሬዚን የሚበጠብጠው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ሦስት ብቻ ነበር፣ ያውም ማድረቂያውን ቀንሶ። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው።

መጀመሪያ የፈሰሰው ሬዚን ነጩን ፎም ሲነካው ፎሙ ሰመጠ። ውኃ እንደነካው ስኳር ሟሟ። በብሩሽ ገፋሁት፣ ብሩሹ ሥር እንደ ሙጫ ተዝለገለገ። ጨመርኩበት። ይብስ ሰመጠ። ያን ጊዜ ባልዲው መጨስ ጀመረ። በእጄ ልይዘው ስል ፈጀኝ።

«አቦ! ተው! አትንካው!»

ባልንጀራው በር ላይ ነበር፣ በነጭ ጀለቢያ። ከሶላት መመለሱ ነው። ሮጦ ባልዲውን በጨርቅ ይዞ ወደ ውጭ ወረወረው። ባልዲው አሸዋው ላይ ሆኖ ጨሰ፣ ተንጣጣ፣ ተሰነጠቀ። ጀለቢያው ከደረቱ እስከ ጉልበቱ በሬዚን ተበላሽቷል። ጉድጓዱን መጥቶ አየው። ከዚያ እኔን አየኝ።

«ሾርባ ነው የሠራኸው?»

ብሩሹን ጣልኩ።

«ነጩን ሬዚን ይበላዋል። ቢጫውን አይበላውም። ይህን አልነገረህም?»

«ለአንተ ነው የነገረህ» አልኩት። «ሁሉንም ለአንተ ነው የነገረህ።»

ይጮኽብኛል ብዬ ስጠብቅ መሳቅ ጀመረ። በክፋት አልነበረም። ጎንበስ ብሎ፣ ጉልበቱን ይዞ፣ ዓይኑ እንባ እስኪሞላ።

«እሱም አድርጎታል፣ ወላሂ! ጅቡቲ። የአንድ ሽማግሌ ጀልባ። በነጭ ፎም ሞላው፣ ሆዱ ቀልጦ አለቀ። ሽማግሌው መቅዘፊያ ይዞ ሲያባርረን ሦስት ቀን ዓሣ መጋዘን ውስጥ ተደበቅን።»

ይህ ሊያጽናናኝ ይገባ ነበር። ወንድሜም እንደኔ ተሳስቷል። ግን ያሰብኩት ሌላ ነው። ይህ ሰው የወንድሜ ስህተት እንኳ አለው። እኔ ያለኝ ከቤት ሲወጣና ሲገባ ያየሁት ብቻ ነው።

«ሀዬ፣ ና» አለኝ፣ እሺ በቃ እንደማለት ነው። «ሳይጠጥር እንቆፍረው። መሮውን አቀብለኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የከሰዓት ፈረቃ ጠየቅሁና ጠዋት ጠዋት ጋራዥ መሄድ ጀመርኩ። ልማር ብዬ አይደለም። ብቻውን እንዳይጨርሳት ብዬ ነው። እሱ ግን አስተማረኝ። ብርጭቆው እንዳይበላኝ ክንዴን ሕፃናት የሚቀቡትን ፓውደር መቀባት፣ ሲያልቅ በቀዝቃዛ ውኃ መታጠብ፤ በሙቅ ከታጠቡ ቆዳው ይከፈትና ክሩ ይገባል። ወንድሜ ይህን ቢነግረኝ ኖሮ አልኩ። ከዚያ ደግሞ እናቴ ያን ጊዜ በቀዝቃዛ ውኃ ያጠበችኝ ማን ነግሯት እንደሆነ አሰብኩ።

ቢጫ ፎም ከአሮጌ ዕቃ ተራ ፈልገን አገኘን። ፎሙ ሲለጠፍ ከላዩ ክብደት ያስፈልገዋል፣ አለዚያ ይነሳል። ለዚህ ወንድሜ የደቻቱን አሸዋ በማዳበሪያ ጆንያ ይሞላ ነበር። እኛም ጆንያ ይዘን ወረድንና አሸዋ ሞላን። ባልንጀራው ሁለት ተሸክሞ እኔ በአንዱ ሳለከልክ፣

«ፋብሪካ ውስጥ የምታሽጉት ላባ ነው እንዴ?» ይለኛል።

«ካናቴራ ነው።»

«ለካ!»

አንዳንዴ እስቅ ነበር። ከሳቅሁ በኋላ እናደዳለሁ። አንድ ጊዜ ሳያስበው «ዋላል፣ ሮለሩን» አለኝ። «እንዲህ አትበለኝ» አልኩት። ሬዚን የሚገፉበትን ሮለር ራሱ ተነስቶ ወሰደ። ከዚያ በኋላ አላለኝም።

ሳንቲሟን መስማት ግን ተማርኩ። መጀመሪያ ሁሉም አንድ ድምፅ ነበር። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይመታል፣ «ሰማህ?» ይላል፣ እኔ እዋሻለሁ፣ «ሰማሁ» እላለሁ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት እውነት ሰማሁ። የሞላነው ጉድጓድ ዳር ላይ፣ ቋ፣ ቋ፣ ከዚያ ዱፍ። «እዚህ ጋ» አልኩ ሳይጠይቀኝ። ጠመኔውን ሰጠኝ። በዚያ ወለል ላይ የመጀመሪያ ክቤን ሣልኩ። ከወንድሜ ክቦች አጠገብ ነበር። የኔው ጠማማ ነው።

መስማት ከጀመርኩ በኋላ ነው ያስተዋልኩት። ባልንጀራው ወለሉን ሁሉ እየመታ ሄዶ የጀልባዋ አፍንጫ፣ ፊተኛው ጫፏ አጠገብ ሲደርስ አንድ ቦታ ይዘላል። እዚያ አንድ ወንድሜ ሞልቶ የጨረሰው፣ ቆዳውንም መልሶ የከደነው ቦታ አለ። የመጨረሻ ሥራው እሱ ነው። ሁልጊዜ ይዘለዋል። አርባው ካለፈ በኋላ፣ ባለቤቱ ሊመጣ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ጠየቅሁት።

«ይህን ለምን አትመታውም?»

«የቱን?»

«አፍንጫዋ ጋ ያለውን።»

«እሱ የወንድምህ ነው። አልቋል።»

«ምታው።»

«አቦ ተወኝ፣ ሬዚኑ ይደርቅብኛል።»

ሬዚን ገና አልበጠበጠም ነበር። ሳንቲሟን ከእጁ ቀማሁትና ተንበርክኬ መታሁ። ቋ። ቋ። ዱፍ። ዱፍ። ዱፍ። ቀና ስል ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሯል።

«ታውቅ ነበር» አልኩት።

«አውቅ ነበር።»

«ከመቼ?»

«ከሞላው ቀን። እዚህ ነበርኩ።» ባዶ ጣሳ ላይ ተቀመጠ። «ክንዱን ማንሳት አቅቶት ነበር። ሮለሩን ጣለና በጣቱ መቀባት ጀመረ። አምጣው እኔ ልጨርሰው ስለው ተቆጣኝ። ጆንያውን እንኳ ግማሽ ግማሽ ነው የሞላው፣ እንዳይከብደው።»

«ለምን? ለምን አቃተው?»

«ሐኪሙ ከነገረው ሰንብቷል። ልብህ ደክሟል፣ ከባድ ነገር አታንሳ ብሎታል።»

«ለአንተ ነገረህ።»

«እኔ ነኝ ሐኪም ቤት የወሰድኩት።»

«እኔስ? እናቱስ?»

«እንዳትነግራቸው አለኝ። አስማለኝ። ስለ አንተ ደግሞ፣ ‹እሱ ፊቱ ነው የሚያወራው፣ ካወቀ እናቴ በዚያው ቀን ታነብበታለች› አለኝ።»

እውነት ነው። ፊቴ አይደብቅም። ወንድሜ ያውቀኝ ነበር ማለት ነው። ግን በዚያ ሰዓት ይህ አልታየኝም። የታየኝ ሁለቱ ሐኪም ቤት አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ቀንቼ አላውቅም። በበሽታው ቀናሁ። የወንድሜ በሽታ እንኳ ከእኔ ቀድሞ የእሱ ነበር። ይህን መጻፍ ያሳፍራል።

«ግራይንደሩን አምጣ» አልኩ።

«እንተወው» አለ። «ማን ያውቃል? ሰውየው ሳንቲም ይዞ አይዞርም።»

«ሰው ይቆምበታል። አፍንጫው ላይ ቆሞ ገመድ የሚወረውር ሰው ይኖራል።»

«የእሱ እጅ ነው። የመጨረሻው ነው። ተወው።»

የወንድሜን ስም ከእኔ በላይ የሚሳሳለት እሱ ነበር። ግራይንደሩን ያነሳሁት ለሚቆመው ሰው አስቤ ይሁን ወይስ በዚህም ቀንቼበት፣ እስካሁን አላውቅም። እሱ አጥሩን አልፎ ወጣ። ሊያይ አልቻለም።

ዱፍ ያለበትን በጠመኔ ከብቤ የላይኛውን ቆዳ ቆረጥኩ። ጠርዙን በመሮ ሳነሳው ያለ ችግር ተነሳ፣ ሲጀመርም አልያዘም ነበር። ከሥሩ ቢጫው ፎም በቦታው አለ። በፎሙ ላይ የተለቀለቀው ሬዚን ጠጥሯል፣ ፎሙን በደንብ ይዞታል። ግን ገጹ ለጥ ያለ አልነበረም። አራት ረጃጅም ቦዮች ነበሩበት፣ ጎን ለጎን፣ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው እየቀጠኑ የሚሄዱ።

ጣቶቹ ናቸው።

ሮለር መግፋት ሲያቅተው በጣቱ ጠርጎት ነው። ቆዳው ቦዮቹን ተሻግሮ ተኝቷል፣ ከሥሩ አየር ቀርቷል። ዱፍ ሲል የሰማነው እሱ ነበር።

ጓንቴን አውልቄ ጣቶቼን በቦዮቹ ውስጥ አስገባሁ። የእኔ ጣቶች ቀጫጭን ናቸው፣ ቦዮቹ ሰፏቸው። እስከ መጨረሻው ድረስ ጎተትኳቸው። መጨረሻው ላይ ቦዮቹ ድንገት ያቆማሉ። እዚያ ጋ እጁን አንስቷል።

ባልንጀራውን ጠራሁት። መጥቶ ቆመ። ለረጅም ጊዜ አየ። አልነካም።

«ሙሉ በሙሉ ልፋቀው?» አልኩት። የጠየቅሁት ልሞግተው ሳይሆን ስለማላውቅ ነው፤ ስለ ሥራው ያቀረብኩለት የመጀመሪያ ጥያቄ ነበር።

«አያስፈልግም። ፎሙን ይዞታል፣ ጠንካራ ነው። በብርጭቆ ወረቀት ብቻ አሻክረው፣ አዲሱ እንዲይዝ። ከዚያ ቦዮቹን ሙላቸው።» መሮውን ከእጄ ተቀብሎ፣ «ውስጥ ይቆያሉ» አለ።

በእጄ አሻከርኩት፣ ቦዮቹን ሳላጠፋ። በማግስቱ ሲነጋ ሬዚን በጠበጥን፣ ማድረቂያውን እሱ ለካ። በፋይበር ማወፈሪያ ዱቄት አወፍረነው አራቱንም ቦዮች እኔ ሞላሁ። አንድ በአንድ። እሱ አጠገቤ ተንበርክኮ ሁለተኛ የመሙያ ቢላ ይዞ ይጠብቅ ነበር። እየጠበቀ እንደነበር አይቻለሁ። አንዱን እንኳ አልተውኩለትም። ቆዳውን ከደንን፣ የደቻቱን አሸዋ በሙሉ ጆንያ ጫንንበት። ጆንያዎቹን ያን ቀን ሁሉንም እኔ ተሸከምኩ።

የላይኛው ቀለም ሲቀባ እግር እንዳያንሸራትት አሸዋ ይነሰነስበታል። ያንኑ አሸዋ በወንፊት ነፍተን ነሰነስን። ጀልባዋ ላይ የድሬ አሸዋ አለ።

ባለቤቱ መጣ፣ ወለሉ ላይ ወጣ፣ ከዳር እስከ ዳር ሄደ። አፍንጫው ጋ ቆሞ ዘለለ። ሁለታችንም እግሩን አየን። «ጎበዞች!» አለ። ከዚያ ሐይቁ ላይ ስትገባ ከሠሪዎቹ አንዱ አብሮ ሄዶ ቢያይለት እንደሚወድ ነገረን። እኔ ፈረቃ ነበረብኝ፣ በለቅሶው ብዙ ቀን ቀርቼ ፈቃዴ አልቆብኝ ነበር። ባልንጀራው ሄደ። ከባድ መኪናው መልካ ጀብዱ መንገድ ላይ ሲዞር ከጀልባዋ አጠገብ ቆሞ እጁን አወዛወዘልኝ። ፎቶው ላይ ከወንድሜ ጋር የቆመውን መሰለ። መልሼ አላወዛወዝኩም። የወንድሜን ወለል ውኃ ላይ የሚረግጠው እሱ ነው።

ከሦስት ቀን በኋላ ቪዲዮ ላከልኝ። የፋብሪካው የእረፍት ሰዓት ነበር። ውኃ ይታያል፣ ብዙ ውኃ፣ ዳርቻው ሩቅ ነው። ከዚያ ስልኩ ወደ ታች ዞሮ ባዶ እግሩን አሳየ። አፍንጫዋ ጋ ነው የቆመው። ተንበረከከ። ከኪሱ ሳንቲሟን አወጣ።

«ስማ» አለ፣ ስልኩን ወደ ወለሉ አስጠግቶ። «ዋላል፣ ስማ።»

ቋ። ቋ። ቋ። ቋ።

አራቱንም ቦይ ተከትሎ ነው የመታው፣ ከጥግ እስከ ጥግ፣ ወንድሜ እጁን እስካነሳበት ቦታ ድረስ። ልብስ በሞላው ካርቶን ላይ ተቀምጬ ደጋግሜ ሰማሁት። «እንዲህ አትበለኝ» ብዬ አልጻፍኩለትም።

ቪዲዮውን ለእናቴ ሳላሳያት ሁለት ቀን አቆየሁት። ብቻዬን እንዲኖረኝ ፈልጌ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። በሦስተኛው ቀን ጎኗ ተቀምጬ ከፈትኩት። ዓይኗ ደካማ ስለሆነ ወደ ስልኩ አላየችም፣ ጆሮዋን ነው የሰጠችው።

«ማን ነው የሚያንኳኳው?» አለች።

የወንድሜ ባልንጀራ ነው ልል ነበር። «ባልንጀራ» የሚለው ቃል ግን አነሰበት። ድምፁን ጨመርኩላትና አንድ ጊዜ ደግሜ ከፈትኩት።